ዋሂራን ያፈረስኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 23

ክኒኖቹን ጤና አዳሙ ሥር አገኘኋቸው። ውኃ ላጠጣው ብዬ ጎንበስ ስል። ነጮቹ ሟሙተው አፈሩ ላይ ኖራ መስለዋል፤ ሮዞቹ እንዳሉ ናቸው። የስንት ቀን እንደሆኑ አላውቅም። መቁጠር ፈራሁ።

እማዬ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። አላፈረችም፣ አልካደችም። ቀና ብላ፣ "መራራ በአፌ ይዤ እንዴት ልውረድ? ይሸሸኛል እኮ" አለች።

"ማነው የሚሸሽሽ?"

"ዋሂራ።"

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። 

ዋሂራ የእኔ ወንዝ ነው። የለም ማለቴ ነው። ያለው ልብ ወለዴ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጨረቃ በሚወጣበት አገር፣ ከባሕር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ተራራ የሚፈስ የተቀደሰ ወንዝ። የሞተ ሰው ድምፅ የሚሰማው እዚያ ውኃ ውስጥ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ወደ ዋሂራ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ መራራ ነገር አይቀምስም። ምላሱን መራራ የነካው ሰው እግሩን ሊከት ሲል ውኃው ይሸሸዋል፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ጥሎት ይሄዳል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ አንቀጽ ነው። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ሲወጣ ብዙ ሰው አላነበበውም። እማዬማ ዓይኗ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። ቢለይላትም አታነብም ነበር። የእኛ ቤት የነጋዴ ቤት ነው፤ ቁጭ ብሎ መጻፍ እንደ መታመም ይቆጠራል። "አሁንም አልተሻላትም?" ይላሉ ዘመዶች። ከዚያ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ መጽሐፉን በትረካ ማቅረብ ጀመረ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ማታ ሁለት ሰዓት። እማዬ ሬዲዮዋን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ወር፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እማዬ ለሰው "ይሄን የጻፈችው የኔ ልጅ ናት" ስትል ሰማሁ። በሩ ኋላ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሳልገባ ቆየሁ።

ቡና መተዋን አይቻለሁ። ጨጓራዋን መስሎኝ ነበር።

የደም ግፊቷ የቆየ ነው። ሐኪሙ አንዲት ቀን እንኳ እንዳይታለፍ ብሏል።

ነገ ወንድሜን መጥራት አለብኝ። ይጮኽብኛል።


ማክሰኞ፣ ጥር 24

ጮኸብኝ።

ወንድሜ ተስፋዬ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው ሱቁ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። በሥራ ቀን ሱቅ ዘግቶ መምጣት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። የግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። ላይኛው ቁጥር ሁለት መቶ አለፈ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው ብሎ በራሱ ክንድ ሞከረው። አልተበላሸም።

"ልብ ወለድ ነው በያታ! ንገሪያት!" አለኝ፣ እማዬ ፊቱ ተቀምጣ፣ እንደሌለች ቆጥሮ።

ነገርኳት። "እማዬ፣ ዋሂራ የሚባል ወንዝ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው።

"አንቺ? አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ? ሽሮ ምድጃ ላይ ጥደሽ የምትረሺ ልጅ!"

ተስፋዬ ሳይወድ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

"ተሰጥቶሽ ነው እንጂ" አለች፣ አሁን ሳትስቅ። "ስሙን ለውጠሽ፣ አገሩን ደብቀሽ ጻፍሽው። ደግ አደረግሽ። ባትደብቂው ሕዝቡ ይጨናነቅበት ነበር።"

"በምን አወቅሽ?" አላት ተስፋዬ። በዕቃ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው ነው የጠየቃት።

"በሄኖክ።"

ሄኖክ የሁላችን ታላቅ ነበር። ጋራዥ ይሠራ ነበር፣ አምሽቶ ነበር የሚገባው። ኩላሊቱ ነው የገደለው፤ እኔ ያኔ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፣ ለቀብሩም አልደረስኩም። መጽሐፌ ውስጥ አንዲት እናት ዋሂራ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስትቆም የሞተ ልጇ ድምፅ ከውኃው ሥር ይመጣል። "እኔ ነኝ፣ አትነሺ" ይላታል። ሌላ ቃል የለውም።

"ልጄ በመጨረሻው ዓመት" አለች እማዬ፣ "ማታ በሩን ሲከፍት እንዳልደነግጥ፣ 'እኔ ነኝ፣ አትነሺ' ይለኝ ነበር። አንተ አግብተህ ወጥተሃል። እሷ እዚህ ቤት አልነበረችም። እኔ ለማንም አላወራሁም፤ ምኑ ይወራል? ታዲያ ማን ነገራት?"

ተስፋዬ ዞሮ አየኝ።  ያንን ገጽ የጻፍኩበት ቀን አይታወሰኝም። ረቂቁ ላይ ስርዝ ድልዝ የለውም። ይህ በእኔ ረቂቅ ሌላ ቦታ ላይ ሆኖ አያውቅም። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም።

ተስፋዬ ሲወጣ በር ላይ፣ "አድቅቀሽ ወጥ ውስጥ ጨምሪው" አለኝ። ጨመርኩት። አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ተነሥታ ወጣችና ተጉመጠመጠች። ተመልሳ፣ "ሁለተኛ እንዳይለምድሽ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ዛሬ ለበሽታዋ ረኃብ ጨመርኩላት። የቀኑ ሥራዬ ይሄው ነው።


ረቡዕ፣ ጥር 25

ጠዋት ነሰራት። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ "ፀሐዩ ነው" አለች። ፀሐይ ገና አልወጣም ነበር።

ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። "ከወንዙ ስመለስ።"

ተስፋዬ ስልክ ላይ "በግድ" ይላል። ማንን በግድ? የምትፈልገውን ሁሉ በለሆሳስ ተናግራ ስታስፈጽም የኖረች ሴት ናት። አንሥተን እንወስዳታለን፤ አፏን ማን ይከፍተዋል?

እትዬ ብርቄ በር ላይ ያዙኝ።

"አንቺ ደራሲ፣ መኪና ያስገባል?"

"ምኑ?"

"ወንዙ ነዋ! የማኅበራችን ሴቶች ሚኒባስ ልንኮናተር ነው። ሾፌሩ መንገዱን ካላወቅሁ አልሄድም አለን። አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን?"

"እትዬ ብርቄ፣ ወንዙ እኮ ሽቅብ ነው የሚፈሰው። እንዲህ ያለ ወንዝ አይተው ያውቃሉ?"

"ይፍሰስ። አምላክ ካለ ምን ይሳነዋል?" ከዚያ ክንዴን ጨብጠው ወደ ግንቡ ጠጋ አደረጉኝ። "እኔ የስኳር ክኒኔን አልተውኩም። ለእሷ እንዳትነግሪብኝ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ እግሬን ብነክር ይበቃኛል።"

ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

የምፈራው፦

ምላሷ ሲተሳሰር።
ጠዋት በሯን ስከፍት።
ተስፋዬ ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛ ፊት፣ የሚያየኝ አስተያየት።
የጻፍኩትን ሰው ሲያምነኝ የሚሰማኝ ደስታ። አሁንም አለ። ነስሯን እያጠብኩም ነበረ።

ከሰዓት የሬዲዮው ተራኪ ጋ ደወልኩ። አንድ ገጽ ልጨምር አልኩት፣ የነገው ላይ። "ደራሲዋ አንቺ ነሽ" አለ፣ "ግን መጽሐፉ ያላቸው ሰዎች ይነቃሉ።" መጽሐፉ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው አልኩት። ሳቀና እሺ አለ።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የወንዙ ጠባቂ አሮጊት ለተጓዦቹ አዲስ ቃል ታመጣለች፤ ሕመምተኛ ለመዳን የሚውጠው መራራ ከመራራ እንደማይቆጠር፣ ዋሂራ እንዲህ ያለውን ሰው እንደማይሸሸው ትነግራቸዋለች። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። የሚያምር ገጽ ሆነ።


ሐሙስ፣ ጥር 26

ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ተራኪው ግሩም አድርጎ አነበበው፤ የጠባቂዋን ድምፅ ሻከር አደረገው፣ ቆም ማለት ያለበት ቦታ ቆመ። እኔ የማየው የእማዬን እጅ ነበር። እጇ ሬዲዮው ላይ ነበር፣ እንደ ሕፃን ጀርባ ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። መሐል ላይ ቸብቸባው ቆመ።

"ሰማሽ!" አሉ እትዬ ብርቄ። "ክኒን ተፈቀደ! ተመስገን በይ!"

እማዬ ሬዲዮውን ቀነሰችው።

"ይቺኛዋ የሰናይት ናት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች።

"ሁሉም የሷ አይደል እንዴ?"

"አይደለም። እስከ ትናንት ውኃው ነበር የሚያወራው። የዛሬዋ ልጄ ናት። ስትለማመጠኝ መች ይጠፋኛል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት።"

ስንት ዓመት ጻፍኩ? ስለ ሥራዬ ይህን ያህል የገባው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ፊደል ማየት የማትችል፣ ግፊቷ ጭንቅላቷን የሚወግራት ሴት፣ የተሰጠውንና የተሠራውን በአንድ ጆሮ ለየችው። ልክ ናት። ገጹ ቆንጆ ነው፣ ግን የሞተ ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም የተጻፈ ነው። ደስም አለኝ፣ ልጮህም ፈለግሁ።

እትዬ ብርቄ ሲወጡ እማዬ ጠራችኝ። ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራለች። አንድ ዓይኗ ቀልቷል።

"ነገ መድኃኔ ዓለም ነው። ሳስቀድስ ቆይቼ ስወጣ ውሰጂኝ። አትድከሚ፣ ክኒኑን አልውጥም። አንዴ ድምፁን ልስማውና ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

"እሺ" አልኳት።

ለምን እሺ አልኩ? አሁን ነው የሚገባኝ። የት እንደምወስዳት አውቄ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 27

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኳት። ነጭ በነጭ ለብሳ ወጣች። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ በፌስታል ይዛለች። "አንዱ የተስፋዬ ነው" አለች። "ባያምንም ይጠጣዋል።"

ባጃጅ ያዝን። ዛሬ አፏ ተፍታቷል፤ እንደ ልጅ ነበረች። "ሩቅ ነው?" አይ፣ ቅርብ ነው አልኳት። "ይሄን ያህል ቅርብ ሆኖ ነው የደበቅሽኝ?" ብላ ጭኔን መታችኝ። ባጃጅ ነጂው በመስታወት አይቶን ፈገግ አለ። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም።

ቁልቁል ወርደን ድልድዩ ላይ አስቆምኩት። ከሥራችን ያው የሰፈራችን ወንዝ ነው፤ ጥቁር ግራጫ፣ አረፋ የተሸከመ። ከቆሼ የቆሻሻ ክምር የሚለቀም ፌስታል የሚያጥቡ ሴቶች ዳር ዳሩን ጎንበስ ብለዋል። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። እማዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። እንደምናልፍ መስሏት ወደ ማዶ ታያለች።

"ደርሰናል" አልኳት።

"የት?"

"ዋሂራ ይሄ ነው።"

አላመነችኝም። ስለዚህ አፈረስኩት። አንድ በአንድ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ። ያ ቁጥቋጦ ይታይሻል? ያጠቡትን ፌስታል የሚያሰጡበት። ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። መጽሐፉ ውስጥ የብር ቅጠል ያላቸው ዛፎች የተባሉት እነሱ ናቸው። ሽቅብ መፍሰሱስ? ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚህ ብረት ላይ ተደግፌ አረፋውን አፍጥጬ አየው ነበር። ብዙ ካየሽው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ሞክሪው። መሸሹ፦ በበጋ ውኃው ጎደል ሲል ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል። ጠባቂዋ አሮጊት፦ እዚያ ማዶ ቆመው "ልጆች አትግቡበት፣ ይመርዛችኋል" እያሉ የሚያባርሩን ሴትዮ። ሞተዋል።

"መራራውስ?" አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"ኮሶ ነው። አፍንጫዬን ይዘሽ ኮሶ ስታጠጪኝ፣ መራራ የተከለከለበት አገር ቢኖር እል ነበር። ከዚያ ነው የመጣው። ካንቺ ነው የመጣው።"

 አንድ ሲኖትራክ አለፈና ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። የብረቱን አጥር ይዛለች። እጇ ላይ ያሉት ሥሮች ተነሥተዋል። እዚሁ ትወድቅብኛለች ብዬ አሰብኩ። እዚሁ፣ በእኔ እጅ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ነጠላውን ከአፍንጫዋ አውርዳ ነበር።

"ድምፁስ? እኔ ነኝ፣ አትነሺ ያለውስ?"

ያንን አላውቅም። ያንን ብቻ አላውቅም። እውነቱን ብነግራት፣ "እሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም እማዬ" ብላት፣ ሌላውን ሁሉ በአንዴ መልሳ ትገነባዋለች። እንደማትውጥ አውቃለሁ። ዓይኗን እያየሁ፣

"እሱንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የሚያመሽ ልጅ ሁሉ የሚለው ነው" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ትናንት ማታ የተሠራውን ገጽ በአንድ ጆሮ የለየች ሴት ናት። ዛሬ አልለየችም። ወይም ለይታ ደክሟት ነው። አላውቅም።

"ስጪኝ" አለች።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠርሙሶቹ ባዶ ናቸው፤ ሮጬ ከሱቅ ውኃ ልግዛ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ክኒኑን ምላሷ ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው አልዋጠችውም። እያየችኝ፣ ምላሷ ላይ እስኪሟሟ ጠበቀች። ፊቷ አልተኮማተረም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፌስታሉን መሐላችን አስቀመጠችው።


ቅዳሜ፣ ጥር 28

ተስፋዬ በጠዋት መጥቶ ለካ። ገና ከፍተኛ ነው፣ ግን ወርዷል። የቀላው ዓይኗም ጠርቷል። ከሰዓት ሐኪም ጋ ወሰዳት፣ "አዎ፣ እሺ" እያለች ሄደች። ክኒኗን ያለ አስታዋሽ ትወስዳለች።

"ጎበዝ! እንዴት አሳመንሻት?" አለኝ ተስፋዬ። "ነግሬያት" አልኩት። "አየሽ፣ መጀመሪያውኑ ብትነግሪያት!"

እኔን አታኮርፈኝም። ማኩረፍ ይሻል ነበር። "ምሳ በልተሻል?" ትለኛለች። "በሩን ገርበብ አድርጊው" ትለኛለች። እንደ ደህና ተከራይ።

እትዬ ብርቄ አመሻሽ ላይ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። እማዬ፣ "ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል ብርቄ" አለቻቸው። ትናንት ጠዋት አዲስ ባትሪ የከተትኩበት እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ ቆም ብለው እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ በርጩማቸውን ይዘው ተመለሱ። ስለ ሚኒባሱ አልጠየቁም። አንድ ሰው ነግሯቸዋል፣ ወይም ፊታችንን አንብበውታል።

ሁለተኛውን ቅጽ ልጀምር ተቀምጬ ነበር። "ዋሂራ" ብዬ ጻፍኩ። ፌስታል ታየኝ። ሰረዝኩት።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ክፍሌ ውስጥ በስልኬ ጣቢያውን ከፈትኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አድማጮች በብዛት የጠየቁትን ያለፈ ክፍል ይደግማሉ። የዛሬው ያ ነው። እናትዮዋ ልብሷን ሰብስባ ወደ ውኃው ስትወርድ ጀመረ። እማዬን እንዳልረብሽ ቀነስኩት፤ በኔና በእሷ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ማሳል እንኳ ያሳልፋል።

ከወዲያ ያለው አልጋ ይንቋቋ ነበር። ስቀንሰው ጸጥ አለ። አልተኛችም። የተኛች ሰው ጸጥታ እንዲህ አይደለም።

እናትዮዋ እስከ ጉልበቷ ገባች። እስከ ወገቧ ልትደርስ፣ ድምፁ ሊመጣ ነው። ክኒኑን ነገ ደግሞ ብትተወውስ? ከነገ ወዲያስ? ያፈረስኩትን በገዛ እጄ፣ በግድግዳ በኩል...

ስልኩን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።